ቀይ መብራት ላይ የምትጠፋ መኪና

ቶኔ፣ ማርች 6 ቀን 2025

ታዲዮስ፣

ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፌን ስታይ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ። ሳትከፍተው ካልጣልከው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከተነጋገርን አሥር ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ቀረው። እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ሴት ልጅ እንደወለዳችሁ ሰምቻለሁ፤ ስሟን የነገረኝ ግን የለም።

ስልክ ቁጥርህ አለኝ። ደውዬ ድምፄን ስትሰማ ዝም የምትል መሰለኝ። ዝምታህን በጆሮዬ ከምሰማው የፖስታ ሳጥኔን ባዶ ባገኘው ይሻለኛል አልኩ።

የምጽፍልህ ስለ ካማሮዋ ነው። አልሸጥኳትም። ሁለታችን ሞተሯን ያወረድንበት ጋራዥ ውስጥ ናት። ግን ሕመም ይዟታል። ሚኒሞ አትይዝም፤ ቀይ መብራት ላይ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ሁለት ጊዜ ታስልና ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። አስነስቼ ነዳጅ ስሰጣት መጀመሪያ ትሰምጣለች፣ ቀጥሎ ድንገት ትዘላለች። ሻማ ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ አሳጠብኩ። በመጨረሻ አንድ ፖርቱጋላዊ መካኒክ ኮፈኗን ከፍቶ አየና «ሙሴ፣ ችግሩ ማኒፎልዱ ነው፤ ሌላ ይግዙ» አለኝ። የትኛውን? ካታሎጉ ላይ ያሉት ከአርባ ይበልጣሉ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ግራንድ ሳኮኔ ላይ የአምባሳደር መኪና ነዳሁ እንጂ የሞተር ሆድ የማውቀው አንተ ባሳየኸኝ ልክ ነው።

ከሰው ሁሉ አንተን መጠየቄ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ማድረግ ከከበደህ አልቀየምህም። ባለቤቴ ትርፍነሽም አለች።

የክርስትና አባትህ
አየነው

ኦፕፊኮን (ዙሪክ)፣ ማርች 17 ቀን 2025

ይድረስ ለጋሽ አየነው፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስት ቀን ሳልከፍተው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ወይ ክፈተው ወይ መልሰው፤ እየዞርክ አትየው» ያለችኝ ባለቤቴ ዲቦራ ናት። ደህና ነን። ልጃችን ሩሐማ ትባላለች፤ ስምንት ዓመቷ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ማኒፎልድ ካርቡራተሩ የቀላቀለውን አየርና ቤንዚን ለስምንቱ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍል ነው። ሁለት ዓይነት አለ። ባለ ሁለት ክፍሉ መንገዶቹ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው፤ መኪናዋ በዝግታ ስትሄድም ድብልቁ ፍጥነቱን አይለቅም። ለከተማ፣ ለዳገት፣ ለትራፊክ መብራት እሱ ነው። ባለ አንድ ክፍሉ እንደ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ስምንቱም ከአንድ ቦታ ይጠጣሉ። ከአራት ሺህ ዙር በላይ የሚደርስበት የለም። ከዚያ በታች ግን ቤንዚኑ ግድግዳው ላይ ይቀርና ሞተሩ ይራባል።

ስለዚህ ይህን ይጻፉልኝ። ማን ነው የሚነዳት? የት ነው የምትሄደው? በምን ፍጥነት? ማኒፎልዱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ስንት ነው? ኮፈኑ ሲዘጋ ከአየር ማጣሪያው ስንት ጣት ይርቃል? ሰው ማኒፎልድ ሲመርጥ የሚሳሳተው መሆን የሚመኘውን ሾፌር እያሰበ ስለሚገዛ ነው። እርስዎ የሆኑትን ይንገሩኝ።

በሠርጌ ጠዋት ደውለው «ማኒፎልዱ አስቸግሮኛል፣ መኪናዋ መብራት ላይ እየጠፋች ነው፣ አልደርስም» ያሉኝ ይኸው ሕመም ከሆነ፣ አሥር ዓመት ሳያሠሩት መቆየትዎ ገርሞኛል። እርስዎን ስንጠብቅ ሌላ መኪና አልተከራየንም ነበር። እኔና ዲቦራ ወደ አዳራሹ የሄድነው በትራም ነው።

ለእትዬ ትርፍነሽ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። እርሷ ቤት አራት ዓመት የበላሁትን አልረሳሁም።

ታዲዮስ

ቶኔ፣ ማርች 28 ቀን 2025

ታዲዮስ፣

የትራሙን ነገር አላውቅም ነበር። ሙሽራ በነጭ ቀሚስ ትራም ላይ ቆማ ስትሄድ ሳስበው ሰነበትኩ። ተቀምጣ ነበር ወይስ ቆማ?

የጠየቅኸኝን ልመልስ። የምነዳት እኔው ነኝ። ሰባ ስድስት ዓመት ሞላኝ፤ አውራ ጎዳና ላይ እንኳ ከዘጠና አላልፍም። እዚህ ሠፈር የምዞርባት አይደለችም። አንድ ረጅም መንገድ አለብኝ፣ ወደ እናንተ አቅጣጫ። ከዚያ በኋላ ከጋራዥ ባትወጣም ግድ የለኝም። ከጎኔ አንድ ሰው ይቀመጣል። ያ ሰው ድንጋጤ አይችልም። መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ በር ከፍቶ መውረድ ይቃጣዋል። ስለዚህ ጉልበት አልፈልግም፤ ጸጥ ብላ እንድትቆምና ጸጥ ብላ እንድትነሳ ነው የምፈልገው።

ቁጥሩን በባትሪ እያበራሁ ገልብጬ ከዚህ ጋር በተያያዘው ወረቀት ጽፌዋለሁ። ብረቱ ነጭ ነው። ረጅም በመሆኑ ኮፈኑ ማጣሪያውን ይነካል፤ ለዚህ ስስ ማጣሪያ ነው የገጠምኩት። በጣት የሚለካ ክፍተት የለውም።

ሰላምታህን ለትርፍነሽ አድርሻለሁ። ስምህን ስትሰማ ፈገግ አለች።

አየነው

ኦፕፊኮን፣ ኤፕሪል 7 ቀን 2025

ጋሽ አየነው፣

ቆማ ነበር። ቀሚሷ እንዳይጨማደድ።

የላኩት ቁጥር ባለ አንድ ክፍል ነው፤ አሉሚኒየም፣ ለውድድር ሜዳ የተሠራ። መብራት ላይ መጥፋቷ አይግረምዎ። እንዲህ ያለውን ማኒፎልድ የገጠመ ሰው መብራት በሌለበት አገር መንዳት አለበት።

ሁለት ምርጫ አለዎት። አንደኛው አዲስ አሉሚኒየም ባለ ሁለት ክፍል ነው። ቁመቱ ከፋብሪካው ጋር እኩል ነው፣ የድሮውን ካርቡራተር ይቀበላል፣ እዚህ ዙሪክ የሚያስመጣው ሰው መጋዘን ውስጥ አለው። በሳምንት ይደርሳል። ሁለተኛው ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ጥቁር ብረት ነው። መኪናዋን ታሪካዊ ለሚያሰኛት የቬቴራን ወረቀት ይሄኛው የተሻለ ነው፤ መርማሪዎቹ እንደተወለደች ማየት ይወዳሉ። ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው፤ ቢገኝም ያረጀ ስለሚሆን መላግና መታደስ አለበት። ወራት ይፈጃል። አነዳድዎ እንደጻፉልኝ ከሆነ በሁለቱ መካከል በመሪው ላይ የሚሰማዎት ልዩነት የለም። አሉሚኒየሙን ይውሰዱ። ከፈቀዱ ነገውኑ አዝዛለሁ።

የሥራው ነገር እዚህ ላይ አለቀ። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ።

በ2003 ክረምት እኔና እርስዎ የገጠምነው ጥቁሩን ብረት ነበር። በሱና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ቡሎኖቹን ተራ በተራ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ከኮፈኑ አራት ጣት ይርቅ ነበር። ያ ማኒፎልድ በምንም ተዓምር መብራት ላይ ሞተር አያጠፋም። ታዲያ ይህ ነጩ መቼ ነው የተገጠመው? ከሠርጌ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ታዲዮስ

ቶኔ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2025

ታዲዮስ፣

ትንሣኤው እስኪያልፍ ቆየሁ። ጾም ይዤ ሌላ ውሸት እንዳልጽፍልህ ብዬ ነው።

በኋላ ነው።

መኪናዋ እንደ ሠርግህ ቀን ጥሩ ሆና አታውቅም። ከዋዜማው አጥቤ፣ ሰም ቀብቼ፣ ነጭ ሪባን ከመስታወቶቿ ላይ አስሬላት ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳን። ትርፌ ከጎኔ ነበረች። ሎዛን እስክንደርስ ዘፈነች። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። በአርባ ቀንህ ክንዴ ላይ አድርጌ ያስጠመቅኩህ ልጅ በሌላ እምነት አዳራሽ፣ በሌላ ጸሎት ሲዳር ከፊት ወንበር መቀመጥ፤ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የሰው ዓይን ማየት። ለትርፌ ከወር በፊት ይህንኑ ስነግራት «እኔ የምሄደው ወደ ልጄ ነው፣ ወደ አዳራሹ አይደለም» ብላኝ ነበር።

ሎዛንን እንዳለፍን ባቫዋ የሚባለው የመኪና ማረፊያ ላይ ገብቼ ቆምኩ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ምንም ሳልነካ ቆሜ ቆየሁና «ማኒፎልዱ ነው፤ መብራት ላይ ሊያስቸግረን ነው፣ አንደርስም» አልኳት። ወርዳ ሞተሩን አየች። እንደ ሰዓት ይሠራል። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች። እዚያው ቆሜ ደወልኩልህ። ከዚያ መኪናዋን አዙሬ ወደ ቶኔ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ፈራሁ። አንድ ቀን ትመጣለህ፣ ኮፈኑን ትከፍታለህ፣ በድምፁ ብቻ ታውቃለህ። ስለዚህ በዚያው መስከረም ይህን የውድድር ማኒፎልድ ከአንድ ሰው ገዝቼ አስገጠምኩ። ጥቁሩን ለአሮጌ ብረት ሰብሳቢ ሰጠሁት። ውሸቴን እውነት ለማድረግ ጤነኛ መኪና አሳመምኩ። አንተ ግን አልመጣህም።

ከዚህ በኋላ ልትረዳኝ ካልፈለግህ ይገባኛል። ከረዳኸኝ ግን አሉሚኒየሙን አልፈልግም። ጥቁሩን ብረት ፈልግልኝ። ያኔ እንደነበረች እንድትሆን ነው የምፈልገው።

አየነው

ኦፕፊኮን፣ ጁን 10 ቀን 2025

ጋሽ አየነው፣

ሰባት ሳምንት ዝም ስላልኩ ይቅርታ። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው። ሁለቱን ዲቦራ አንብባ «ይህን ከላክህ በሚቀጥለው ቀን ፖስተኛውን ስትከተል ትውላለህ» ብላ ቀደደቻቸው።

ከእናንተ ወደ እኛ ባቡር በየግማሽ ሰዓቱ አለ። ያኔም ነበር። ስለዚህ በሙሉ ልቤ አምኜዎት አላውቅም። ግማሹ ግን ያምን ነበር። ሰው «የክርስትና አባትህ ለምን ቀሩ?» ሲለኝ «መኪናዋ ናት» እል ነበር፤ የመኪና ነገር ስለማውቅ ሰውም ያምነኛል። የተጎዳው ያ ያመነው ግማሽ ነው። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም። ቄስም ፓስተርም አይደለሁም።

ጥቁሩ ብረት ተገኝቷል። ቪንተርቱር አካባቢ አንድ ሽማግሌ ከእርስዎ መኪና ጋር በዓመቱም በቁጥሩም የሚገጥም አለው። አንድ ጥግ ላይ ስንጥቅ ስላለው መበየድ፣ ከዚያ ፊቱ መላግ ይኖርበታል። የሚልገው ሰው ጁላይን በሙሉ ዕረፍት ነው። ከኦገስት አጋማሽ በፊት አይደርስም። አሉሚኒየሙ ዛሬም ቢሆን በሳምንት ይመጣል። የሚያስቸኩል ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ሌላም። እትዬ ትርፍነሽ ድሮ እርስዎ በጻፉት ሁሉ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ትጨምር ነበር፤ «ካልሲ አለህ ወይ» ብላም ቢሆን። ዘንድሮ አንዲት ፊደል የለም። ተቀይማኛለች?

ታዲዮስ

ቶኔ፣ ጁን 19 ቀን 2025

ታዲዮስ፣

ስለጻፍክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲቦራንም።

ትርፌ አልተቀየመችህም። ዓይኗ ትንሽ ደክሟል፤ መጻፍ አይመቻትም። የሚያስቸኩል ነገር የለም። ብረቱ ይበየድ፣ ይላግ፤ እጠብቃለሁ።

ስልክ መደወል ካሰብክ ቅዳሜ ጠዋት አይሁን። ቅዳሜ ጠዋት እጄ አይለቀቅም።

አየነው

ኦፕፊኮን፣ ኦገስት 12 ቀን 2025

ጋሼ፣

ማኒፎልዱ እጄ ገብቷል። ቆንጆ ሆኖ ተሠርቷል፤ ብየዳው የት እንደነበረ እኔ ራሴ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። በፖስታ ለመላክ ከባድ ነው፤ ለማያውቅ እጅም አልሰጠውም። ቅዳሜ ኦገስት 30 ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። እራሴ ይዤው መጥቼ እገጥማለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አይመቸኝም ብለዋል። እኔ ደግሞ ሌላ ቀን የለኝም። እርስዎ ባይመቸዎትም እትዬ ትርፍነሽ በሩን ትከፍትልኛለች።

ታዲዮስ

ቶኔ፣ ኦገስት 18 ቀን 2025

ታዲዮስ፣

ከመምጣትህ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። በር ላይ ቆመህ እንድታውቀው አልፈልግም።

ትርፌ ከታመመች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ከዚያ የምንኖርበትን ፎቅ ረሳች። ሐኪሙ የአረጋውያን መኖሪያ ትግባ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። የአንተን ስም ግን አልረሳችም ነበር። ፈገግ አለች ያልኩህ እውነት ነው።

ከጃንዋሪ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት በመጣ ቁጥር ያን ሰማያዊ ጥለት ያለውን ቀሚሷን ትለብስና ቦርሳዋን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ትቀመጣለች። «አየነው፣ መኪናዋን አሙቃት እንጂ። የታዲዮስ ሠርግ ነው፤ ልናረፍድ ነው» ትላለች። መጀመሪያ «ሠርጉ አለፈ እኮ» አልኳት። ሁልጊዜም አዲስ መርዶ ሆነባት፤ አለቀሰች። በባቡር ልውሰዳት ብዬ ሞከርኩ፤ ኮርናቫን ጣቢያ ሕዝቡን ስታይ እጄን አስለቅቃ ተመለሰች። ፌብሩዋሪ ላይ በካማሮዋ ይዣት ወጣሁ። ሁለተኛው መብራት ላይ ሞተሩ ጠፋ፣ የኋላዎቹ ክላክስ አበዙ፣ እሷ ደንግጣ በሩን ከፍታ መሐል መንገድ ወረደች። አንድ አውቶቡስ ነጂ ነው ያተረፋት። የጻፍኩልህ ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ማርች ላይ ብነግርህ ኖሮ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ኤፕሪል ላይም አሉሚኒየሙ በሳምንት እንደሚደርስ ነግረኸኝ ነበር። ጁን ላይም ጠይቀኸኝ ነበር። እኔ ግን ለሷ ብለህ እንድታዝንልኝ አልፈለግኩም። ደግሞም መኪናዋ ልክ እንደነበረች ከሆነች ያ ጠዋት የሚመለስልኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን የቀረውን ልንገርህ። ካለፉት ሦስት ቅዳሜዎች ወዲህ አልጠየቀችም። ከትናንት በስቲያ ቀሚሱን እኔው አውጥቼ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁላት። በእጇ ዳሰሰችውና «የማን ነው?» አለችኝ።

አየነው

ኦፕፊኮን፣ ኦገስት 21 ቀን 2025

ጋሼ፣

አሉሚኒየሙ በሳምንት ይደርስ ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ልበለውና ይውጣልኝ፤ ሁለተኛ ከአፌ አይሰሙትም። ሰባቱን ሳምንት የበላሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እሷ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ እኔ እዚህ ተኮራርፌ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታትማ አልቆጥራቸውም። ባቡሩ ከዚህ ወደዚያም ይሄዳል።

እንዳልኩት ቅዳሜ ኦገስት 30 እመጣለሁ። ማኒፎልዱን ገጥሜ፣ ሚኒሞውን አስተካክዬ፣ ሠፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሬባት እመለሳለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6፣ እትዬን ይዘው ይምጡ። ጠየቀችም አልጠየቀችም።

ዲቦራ «የሠርጌን ቀሚስ ልልበስላት ወይ?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። በዚህ ነገር ላይ በቂ ውሸት ተነግሯል። ምሳ ትሠራለች።

ታዲዮስ

ቶኔ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025

ታዲ፣

በሰላም ገብተናል። መኪናዋን በተመለከተ የምለው የለኝም። ከቤታችን እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ዘጠኝ ቀይ መብራት ያዘን፤ ዘጠኙም ላይ ጸጥ ብላ ቆመች። ትርፌ ሎዛን ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ባቫዋን ሳልፍ ወደዚያ አልተመለከትኩም።

እናንተ ቤት የሆነውን አንተም አይተሃል። ዲቦራ እጇን ስታስታጥባት «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት?» ስላለቻት እንዳትከፋ ንገርልኝ። ሩሐማ አያት ለማለት በጀርመንኛዋ «ኦማ ናት?» ብላ ስትጠይቅህ ምን እንደመለስክላት አልሰማሁም። ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር።

ይህን የምጽፍልህ አንተ ያላየኸውን ልነግርህ ነው። ስንመለስ በርንን ካለፍን በኋላ ነቃች። «ያ ልጅ ማነው?» አለችኝ።

«የትኛው?»

«በር ላይ ቆሞ የቀረው። ትልቁ።»

«ታዲዮስ ነው። ልጃችን ነው።»

«ጥሩ ልጅ ነው» አለች። እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አላመጣኸኝም?» አለችኝ።

ሞተሩ የሕመም ድምፅ አልነበረውም። የማሳብበው ነገር አጣሁ።

«እምቢ ብዬ ነው» አልኳት። «መኪናዋ ደህና ነበረች። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ገባት። ለዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ገብቷት እንደነበር እምልልሃለሁ። እጇን ከክንዴ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። የእኛው ሐይቅ እስኪታይ ድረስ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም፤ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

ቤት ስንደርስ ግን ረስታው ነበር። ዞሬ በሩን ከፈትኩላትና እጄን ሰጠኋት። ቀስ ብላ ወረደች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ እንደ እንግዳ ሰው ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ።

«ደክሞዎታል» አለችኝ። «የእርስዎ ቤት ሩቅ ነው?»

«ሩቅ አይደለም» አልኳት።

አየነው